ልምድ ያለው ክፍል

አዲሷ የሒሳብ አስተማሪ ሥራ የጀመረች ዕለት ርእሰ መምህሩ የክፍሏን በር ራሳቸው ከፈቱላት።

«አይዞሽ፣ ልምድ ያላቸው ልጆች ናቸው» ብለው ሳቁ። «ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አስተማሪ ነው የምንሰጣቸው።»

እሷም ሳቀች። ምኑ እንደሚያስቅ ግን አልገባትም።

ከልጆቹ ጋር አንድ አንጋፋ መምህርም ተሰጧት። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ እየተቀመጡ እንዲያግዟት፣ ዓመቱ ሲያልቅም «ትቀጠር» ወይም «ትሰናበት» ብለው እንዲፈርሙ ነው። ፀሐይ አናት ቢበሳም ካፖርታቸውን ስለማያወልቁ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ካፖርት ይላቸዋል።

የእሳቸው ፊርማ ለእሷ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። እስከዚያ ድረስ በታላቅ ወንድሟ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ውስጥ አምፖል ስትሸጥ ኖራለች። ልትወጣ ስትል ወንድሟ አልከለከላትም፤ በደወለ ቁጥር ግን «በርጩማሽን አላነሣኋትም» ይላታል። ያችን በርጩማ እንደ ደመኛ ነበር የምትጠላት። ማታ ማታ ስትማር የከረመችውም ከላይዋ ለመነሣት ነው።

ጦርነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተከፈተ። ፊቷን ወደ ሰሌዳው ባዞረች ቁጥር የክፍሉ እርሳስ ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ይረግፋል። ዞር ስትል ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ጨዋ መስለው ቁጭ ብለዋል። ጋሽ ካፖርት ደግሞ ከኋላ ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጋሼ፣ የሚያደርጉኝን አላዩም?» አለቻቸው ከክፍል ሲወጡ።

«ጀርባሽን ሰጥተሽ ለምን ትጽፊያለሽ?» አሉና ትተዋት ሄዱ።

ቆሽቷ አረረ። ይሁንና በማግስቱ በጎን ቆማ፣ አንድ ዐይኗን ክፍሉ ላይ ጥላ ጻፈች። የእርሳሱ ዝናብ ቀጥ አለ።

እፎይ ሳትል ሌላው መጣ። ጠበቃዋ የሚሏት ልጅ አለች፤ በሁሉም ስም እጇን የምታወጣ። የክፍልፋይ ትምህርቱ ሲያልቅ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ አልገባንም» አለች። አስተማሪዋ ደገመችው። አልገባንም። ጮክ ብላ ደገመችው። አሁንም አልገባንም። ንዴቷን መወጫ ብታጣ መቀሷን አወጣችና አንዱን ወረቀት መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ፣ ቀጥሎ ሩብ በሩብ ቆራረጠችው።

«አሃ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ። የተለማመዱት ይመስል ነበር።

ሌላ ቀን ሁለት ወንዶች በትምህርት መሐል ተናነቁ። ጮኸችባቸው፤ ባሰባቸው። ድምፅዋ ተዘግቶ ዝም ብላ መሐላቸው ስትቆም ተላቀቁ። በዕረፍት ሰዓት አንደኛው የሌላውን የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፈለት «አጠበቅኩብህ እንዴ?» ሲለው ሰማች። የልጅ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

ያላለፈችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የነገረቻትን ነው።

«ጉዱን አልሰማሽም?» አለቻት ጸሐፊዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «የጋሽ ካፖርት የእህታቸው ልጅ በሒሳብ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። የአምናው አዲስ አስተማሪ ደግሞ እዚሁ አንቺ ክፍል ነበር፤ በመንፈቁ ጥሎ ጠፋ። እኔ የለሁበትም።»

በዚያው ሳምንት በኮሪደሩ ስታልፍ ጋሽ ካፖርትና ጠበቃዋ ግድግዳ ተጠግተው ሲንሾካሾኩ አገኘቻቸው።

«ገና ናት» ይላሉ ሽማግሌው። «እንዳትለቋት!»

ያን ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። ቦታው ለእህት ልጅ ተይዟል፤ ልጆቹንም ያሰማሩባት እሳቸው ናቸው። መጸዳጃ ቤት ገብታ የልቧ እስኪደርስ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ጥርሷን ነከሰች። እነዚህ ውርጋጦች በርጩማዋ ላይ መልሰው አያስቀምጡኝም አለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የግምገማው ቀን ደረሰ። ርእሰ መምህሩና ጋሽ ካፖርት ጎን ለጎን ከኋላ ተቀመጡ። ጠበቃዋ ዞር ብላ ሽማግሌውን አየች፤ እሳቸውም ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አስተማሪዋ ይህን አየችና በቃ፣ መጡብኝ አለች።

እውነትም መጡባት። አንዱ እርሳሱን ሊለቅ ሲል ዐይኗ እላዩ ላይ ነበር፤ መልሶ ጨበጠው። ጠበቃዋ «ቲቸር፣ አልገ...» ስትል መቀሱ ወጥቷል። ሁለቱ ወንዶች ሲተናነቁ በዝግታ ሄዳ መሐላቸው ቆመች፤ ትንፍሽ አላለችም። ተላቀቁ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ደወሉ ሲደወል ገና መጀመሯ መስሏት ነበር።

ርእሰ መምህሩ እጇን ጨበጧት። ጋሽ ካፖርትም ብዕራቸውን ከካፖርታቸው አውጥተው «ትቀጠር» ብለው ፈረሙ። አለቃቸው አጠገባቸው ቆመው ሌላ ምን ሊያደርጉ ኖሯል! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ግቢው ውስጥ ሆና ለወንድሟ ደወለች።

«በርጩማዋን ሽጣት!» አለችው። «አንድ ሽማግሌና አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ተማምለውብኝ ነበር፤ ሁሉንም ጉድ ሠራኋቸው!»

ወንድሟ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ድምፁ ሰለለ። እሷም ዐይኗ እንባ አቀረረ።

መቀሷን ረስታ ኖሮ ልትወስድ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ ካፖርት በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ከበዋቸዋል፤ ጠበቃዋም እንደ ልማዷ በሁሉም ስም እጇን አውጥታለች።

«ጋሼ፣ ቲቸርን አሳልፈናታል» አለች። «ለከርሞ የእህትዎን ልጅ ይስጡን።»