«ዝግጁ ነው ጌታዬ!»

«ደህና ነኝ ጌታዬ!»

ወታደሩ «ደህና ነኝ» ያለው ሐኪሙ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው... ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ሐኪሙ ሻለቃ ናቸው። ማዕረጋቸውን ነጩ ጋውናቸው ትከሻ ላይ ሳይቀር አሰፍተዋል። በዚያ የጦር ካምፕ ክሊኒክ በሽተኛው ሰላምታ ሳይሰጥ አልጋ ላይ አይወጣም።

«ሆድህን ያምሃል ወይስ አያምህም?»

«አሁን ተሽሎኛል ጌታዬ።»

እዚያ ቤት አለቃ ፊት «አመመኝ» ማለት እንደ ልግመት ነው የሚቆጠረው። ሻለቃውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ... ግን ውጪ ወረፋው ረጅም ነው። ማስታገሻ አዘዙለትና ወደ ምድቡ መለሱት።

በነጋታው ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት።

ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር።

ነርሷ ምናልባት ከተነሳ ብላ ወደ አምቡላንሱ እየሮጠች ወጣች... እየሮጠች ተመለሰች። አይነሳም። ሞተሩ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

በስንቅ መኪና ላይ፣ በዱቄት ጆንያዎች መካከል አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ሻለቃው አብረው ተሳፍረው ጭንቅላቱን በጉልበታቸው ደገፉ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ልጁ ያቃስት ነበር።

ደግነቱ ተረፈ...

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊጠይቁት ገቡ። ሊነሳላቸው ሲፍጨረጨር ትከሻውን ይዘው አስተኙት።

«ልጄ... ለምን እውነቱን አልነገርከኝም? ልትሞት ነበርኮ።»

ወታደሩ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ...

«ጌታዬ፣ የዚያን ዕለት ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ የካምፑ አዛዥ ኮሎኔሉ ለጉብኝት መጥተው ነበር። ስለ አምቡላንሱ ሲጠይቁዎት 'ዝግጁ ነው ጌታዬ' አሏቸው።»

ሻለቃው ትከሻውን የያዘ እጃቸውን አነሱ።

«እርስዎ እንኳ ለአለቃዎ እንደዚያ ካሉ... እኔ ማን ነኝና አመመኝ የምለው ብዬ ነው።»

ልጁ በነገር ሊወጋቸው ፈልጎ አልነበረም። የባሰ ያመማቸውም የዋህነቱ ነው።

ሻለቃው በቀጥታ ወደ ኮሎኔሉ ቢሮ ሄዱ። የሹመት ዝርዝር ሊወጣ ተቃርቧል፤ ስማቸው እንዳለበትም ሹክ ተብለዋል። ያም ሆኖ መዋሸታቸውን፣ በዚያ ውሸት ሰው ሊሞት እንደነበር፣ ሁሉንም ዘርግፈው ተናገሩ። ከሥራ እንደሚታገዱ እርግጠኛ ነበሩ።

ኮሎኔሉ ግን አልጮኹም።

«መበላሸቱንማ አውቅ ነበር» አሉ። «ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳር በቅሎበታል፤ ዕውር አይደለሁም። 'ዝግጁ ነው' ስትለኝ ግን ደስ አለኝ... እኔም ወደ ላይ እንደዚያ ብዬ ነበር ሪፖርት የማደርገው።»



ከዚያ ኮሎኔሉ ስልኩን አንስተው ወደ አለቃቸው ወደ ጄኔራሉ ደወሉ።

«ጌታዬ... ደህና አይደለንም።»

ወዳጆቼ... ክፉ ዜና የሚነግረን ሰው ከጠፋ ሁልጊዜ ሰላም ስለሆነ አይደለም። ሰዎቻችን ፈርተውን ሊሆን ይችላል። ያ ፍርሃት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ከሁሉም በታች ያለው ሰው ላይ ነው።

እስቲ እውነቱን እናውራ... በመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በቤታችሁ፣ እያመመው እናንተን ፈርቶ «ደህና ነኝ» የሚላችሁ ማን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።