ዘጠነኛው ረድፍ

ተቆጣጣሪው ሙሴ ባሪኮ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወይኑ ሊለቀም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሶላንዥን ገና ከአልጋዋ ስትነሳ ነበር ወገቧን የቆረጣት፤ ዘንድሮ የማይደክማት ሰዓት የለም።

«ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሶናል» አላት ሰውየው፣ እሱም የሰለቸው ይመስላል። «እርሻችሁ ውስጥ ያልተፈቀደ ዘር አለ፣ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ እዩ ይላል።»

ከፈረንሳይዋ ከተማ ከሊዮን በላይ ባሉት በእነዚያ ኮረብቶች ሕጉ አያወላዳም። የመንደሩን ስም ጠርሙስ ላይ ለመለጠፍ ወይኑ በእጅ መለቀም አለበት፤ ዘሩም ጋሜ የሚባለው ብቻ ነው፣ ቆዳው ጥቁር፣ ጭማቂው ነጭ። ስሙ ከሌለ ወይን ጠጁን ለመጣ ነጋዴ ሁሉ በርካሽ መጣል ነው።

ሶላንዥ ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀባትም። ጎረቤታቸው ፔራሾን መሬቱ ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ሽጡልኝ ብሎ መጥቷል፤ ሁለቴም አባቷ ክሎዲየስ ዝም ሲል እምቢ ያለችው እሷ ነች። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ አባቷ የዳሌ ሕክምናውን ጨርሶ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቃት፣ ፔራሾን ከዚያው ፖስታ ቤት ሲወጣ በዓይኗ አይታዋለች።

ወደ እርሻው ከተመለሰች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሊዮን ከተማ ነርስ ነበረች። እናቷ ልትሞት ስትል እጇን ይዛ፣ የመንደሩ ስም ጠርሙሳችን ላይ እስካለ ድረስ ይህን መሬት እንዳትለቂ ብላ አስማለቻት። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። አልፎ አልፎ «ሽጪውና ሂጂ» ይላታል። እሷም «ምያለሁ እኮ፣ አባዬ» ትልና የመግረዣ መቀሷን ይዛ ትወጣለች።

ክሎዲየስ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከዘራውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው መስሎ ታያት። መንገዱን እየመራ ወሰዳቸው።

ሙሴ ባሪኮ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ አንድ ፍሬ ቀጥፎ ነጭ መሐረቡ ላይ ጨመቀው። ውሃ የመሰለ ጭማቂ ወጣ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ግንድ እንደዚያው ነበር። አራተኛው ላይ መሐረቡ ቀይ ሥር የተፈተገበት መሰለ።

ውርጭ እርሻውን በመታበት ዓመት ክሎዲየስ በሞቱት ግንዶች ቦታ ያገኘውን ችግኝ ሁሉ ተክሎ ነበር። ሶላንዥ ይህን ታውቃለች። ጥቂት ናቸው ብላ ዝም ብላ ኖራለች።

«ይህ ረድፍ ብቻ ነው?» አለ ሙሴ ባሪኮ።

«ስድስተኛውም ላይ አለ» አለ ክሎዲየስ። «አሥራ አራተኛውም ላይ። በየረድፉ ነው፣ ሙሴ።»

«አባዬ፣ ዝም በል እንጂ» አለች ሶላንዥ በሹክሹክታ። ዕድሜ ምላሱን እንዳላላው አሰበች።

ተቆጣጣሪው በሰማው ሳይረካ ረድፎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ሲጨርስ እንዳዘነ ነግሯቸው አስፈረማቸው። የዘንድሮው ወይን የመንደሩን ስም አይዝም። ስሙን ለመመለስ የተቀላቀለውን ሁሉ ነቅሎ፣ እንደ አዲስ ተክሎ፣ ዓመታት መጠበቅ ነው።

ፔራሾን በድንጋዩ አጥር በኩል ቆቡን አውልቆ ቆሞ ነበር። የምረዳችሁ ነገር ካለ ብሎ ጀመረ።

«እርስዎማ ረድተውናል» አለችው ሶላንዥ። ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ቆቡን መልሶ አጠለቀና ሄደ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወገቧን የበላት መሬት በአንድ ጠዋት እርባና አጣ። እናቷን የከዳቻት መሰላትና አለቀሰች። ከልቅሶዋ ሥር የሆነ ቅልል የሚል ነገር ሲሰማት ደግሞ በራሷ አፈረች።

«ሄጄ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ወይኑ ከተለቀመ በኋላ የእነዚያ ግንዶች ቅጠል ሲቀላ በየዓመቱ ከመስኮቱ ያያል። ከሱ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ተይው፣ ልጄ።»

ክሎዲየስ ዳሌውን እያስታመመ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሆስፒታልሽ ዛሬም ነርስ ይፈልጋል» አላት። «ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ከማስገባቴ በፊት ደውዬ ጠይቄያለሁ።»