ካላዩት የሚጠፋው ስክሪን

«እማዬ፣ ዶዘሩ የማንን ቤት እንደሚያፈርስ ማን ይነግረዋል?» ብላ እስከዳር አንድ ቀን እናቷን ጠየቀቻት።

አስረሳሽ ፀጉሯን እየሠራችላት ነበርና «ቀጥ በይ» ብቻ አለቻት።

አስረሳሽ አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ያለፈቃድ ተሠሩ የተባሉ ቤቶችን ዝርዝር የምትተይበው እሷ ናት። ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮው ስለሚወረስ ዝርዝሩ ምስጢር ነው። ሰሞኑን ግን ዶዘሩ በደረሰበት ሁሉ ባዶ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ይጠብቀው ጀመር። ጣራው ቀድሞ ተነቅሏል።

«አንድ ሰው ወሬ እያወጣብን ነው» አሉ ኃላፊው አቶ ዳበሳ።

ዓይናቸው አስረሳሽ ላይ አረፈ። ወደ ክፍሏ ብቅ ባሉ ቁጥር የኮምፒውተሯ ስክሪን ድርግም ይላል።

«ምንድን ነው የምትደብቂኝ?»

«ኧረ ምንም ጌታዬ፤ በራሱ ነው የሚጠፋው።»

«በራሱ! ሰይጣን ሰፍሮበታል በይኛ!»

አስረሳሽ በልቧ እመቤቴን ተጣራች። ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ከዚህች ደመወዝ ሌላ የላትም።

የኮምፒውተር ባለሙያው ቴዎ ተጠርቶ መጣና ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ይኼ አዲሱ ላፕቶፕ በካሜራው የሰው ዓይን ይከታተላል። የሚያየው ካጣ ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን ያጠፋል። እስቲ ወጥተው ይግቡ።»

አቶ ዳበሳ ወጥተው ገቡ። አስረሳሽ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ አንገቷን ደፋች። ስክሪኑ ጠፋ። ተቀምጣ ስታየው በራ።

«ለካስ የሚያጠፋው አክብሮቷ ነው!» አሉ አቶ ዳበሳ። «በይ ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ከእሷ ሌላ ዝርዝሩ በእጁ የሚያልፈው ተላላኪው ሐምዳን ብቻ ነበር። ከፈረሱት ቤቶች ሁለቱ ደግሞ የአጎቶቹ ነበሩ። ወዲያው ተጠራ።

«ወላሂ እኔ አላወጣሁም! ማንበብ እንኳ አልችልም። አስረሳሽ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ንገረው!» አለ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው።

«የሚያነብልህ አታጣም» አሉ አቶ ዳበሳ።

አስረሳሽ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ እንደተከለች ቀረች። ስክሪኑ አንዴም አልጠፋም።

የሐምዳንን የስንብት ደብዳቤ የተየበችው እሷ ናት። ከዚያ አዲሱን ዝርዝር ተየበች፤ ዘጠኝ ቤት።

በማግስቱ ጠዋት አስረሳሽ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ ከባጃጅ ወረደችና የአዲሱን ዝርዝር የመጀመሪያ ቤት አንኳኩታ «ጣራችሁን ዛሬውኑ አውርዱ፤ ነገ ተራው የእናንተ ነው» አለቻቸው።