ለጠየቀ ሁሉ

«የቤት ግብር ያልከፈሉትን ሁሉ ስም ዝርዝር ስጡኝ፣ የዘንድሮውን» አለ ሽክ ብሎ የለበሰ ወጣት፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ። «ሕጉ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል ይላል፤ አይደል እመቤት?»

«ይላል» አለችው ቨርሊን። በዚህች የሚሲሲፒ ከተማ መዝገብ ቤት ስትሠራ ፀጉሯ ሸብቷል። ግብር የተቆለለበትን ሰው እያነፈነፉ ቤቱን በርካሽ የሚገዙ ሰዎች ብርቋ አይደሉም።

ማተሚያው የተፋውን ወረቀት ስታስተካክል ዓይኗ አንድ ስም ላይ ተተከለ። ኦዴሳ ታርፕሊ። እናቷ።

ስህተት መሰላት። ደግማ አየችው። እናቷ የግብሩን ገንዘብ በየዓመቱ ለወንድ ልጇ ለላማር ትሰጠዋለች፤ እሱም «ከፍዬ መጣሁ» ይላል። ቨርሊን እዚሁ ቁጭ ብላ አንድም ቀን መዝገቡን አይታ አታውቅም። ወንድም እንዴት ይሰለላል?

ያቺን ገጽ ማስቀረት ትችል ነበር። እጇ ወረቀቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ በስቴፕለር መትታ ሰጠችው።

ወጣቱ እዚያው ቆሞ ገለጠው። «ይቺ የማዕዘኗ ቤት፣ ሰው አለባት?»

«አለባት።»

«ያውቋቸዋል?»

«እናቴ ናት።»

ፊቱ ቀላ። ወረቀቱን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን... ይሸጣሉ?»

«ሂድልኝ» አለችው።

ከኋላው ሰው ተሰልፎ ነበር። የአንዱን ጉዳይ ጨርሳ ወደ ሌላው ስታልፍ፣ ማን ምን እንደጠየቃት እንኳ አታስታውስም። መስኮቱ ፊት ሰው ሲጠፋ ስልኩን አነሳች።

«በሥራ ሰዓት? ማን ሞተ?» ብላ ሳቀች እናቷ።

«እማ፣ የቤቱ ግብር...»

«ላማር ከፍሎታል እኮ! ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ፤ ትናንት ደግሞ በረንዳውን ቀለም ቀባልኝ። አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው። ባሚያው ሳይጠወልግ ነይና...»

«እማ፣ እስቲ ስሚኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ። ሰው መጣ። ሽክ ያለ ወጣት ነው ደግሞ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። «እማ!» ብላ ጮኸች፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞር አለ። በወዲያኛው በኩል የደጃፉ የሽቦ መረብ በር ሲጢጥ አለ፤ ከዚያም እናቷ ለእንግዳ ብቻ በምታወጣው ድምፅ፣ «ግባ የኔ ልጅ» አለች፣ «ፀሐይ ላይ አትቁም።»