እትዬ በተሰረዘች ጊዜ

«ደግሞ በስሜ ትጠሪኝ ጀመርሽ?» አለች እህቴ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጋ።

እኔስ «እትዬ፣ ብዪ እንጂ» ነበር ያልኳት። እሷ ግን ያለ ጆሮ መሣሪያዋ አትሰማም፤ መሣሪያው ደግሞ በዓመት ውስጥ ሺህ ሰው ያልተናገረውን ቃል እየሰረዘ በሌላ ይተካዋል። «እትዬ» ድሮ ታላቅ እህት ትጠራበት ነበር፤ ኋላ ሠራተኞች እመቤታቸውን ጠሩበት፤ ከዚያ ሁሉም ተወው። ከመስከረም አንድ ጀምሮ እኔ «እትዬ» ስል እሷ የምትሰማው ስሟን ነው፤ «ዘርፈሽዋል»። ስድሳ ዓመት ሙሉ በስሟ ጠርቻት አላውቅም!

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ሦስት ቀን አኮረፈች፤ እህልም አልቀምስ አለች።

ቃሉ የሚመለሰው ሺህ ሰው ሲናገረውና የየሰዉ ስልክ ሲመዘግበው ነው አሉኝ የመሣሪያው ሰዎች። ይናገሩታላ! ጫማዬን አጥልቄ ታክሲ ሰልፍ ወረድኩ።

«ልጄ፣ እስቲ እትዬ በይኝ» አልኳት ከፊቴ የቆመችውን ልጅ።

«ምን ማለት ነው?»

«ታላቅ እህት።»

«እትዬ» አለችኝ፤ ስልኳ ሰምቶ መዘገበው። አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ አበደች አለ። ሳይናገር ታክሲ የገባ ግን የለም።

ማታ ስመለስ ድምፄ ተዘግቷል። በሩ ላይ ቆሜ፣ በቀረችኝ ድምፅ ጠራኋት።

«እትዬ!»

መሣሪያዋን ነካ አደረገች።

«ወዬ» አለችኝ፤ «እራት አቅርቢ፣ ራበኝ።»