የባቡሩ ድርቆሽ

ጌታነሽ ከድርቆሹ እፍኝ ሙሉ አንስታ ወደ ጥቁሯ በግ አፍ አስጠጋች። በጓ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው። ጨው በጥብጣ ረጨችበት፤ ጨዉን ልሰው ድርቆሹን ተዉት።

«ጋዝ ጋዝ ሸቷቸው ነው» አለ በጎቹን ሊገዛ የመጣው ወዳጆ፣ አጥሩን ተደግፎ። «የመንዝ በግ በባቡር የመጣ ነገር አይበላም፣ እትዬ። ባቡር መች አይቶ ያውቅና?»

«አንተስ አይተሃል?»

«በቴሌቪዥን።»

ከመንገድ ዳር ወዳጆ የመጣበት ኢሱዙ መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

ድርቆሹ ትናንት መሐል ሜዳ ከተማ ለድርቁ እርዳታ ሲታደል፣ ገና በሙከራ ላይ ያለው ባቡር ከወደብ እስከ አዳማ እንዳመጣው አዳዮቹ ነግረዋቸዋል። መኪና ብቻ ቢጠበቅ ከሁዳዴ በኋላ ነበር የሚደርሰው። ባሏ ትዕዛዙ እስሩን ተሸክሞ አገባላት፤ ዛሬ ማለዳ ደግሞ ለቀን ሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ «እስከ ቀትር ካልበሉ ለነጋዴው ስጫቸው» አላት። «ሲሞቱ ከማይ።»

በልጉም ክረምቱም ከድቷል። የጓሳው ሣር ታጭዶ አልቋል። ከአሥራ አንድ በጎች የቀሩት እነዚህ አራቱ ናቸው፤ ሦስቱ እርጉዝ።

«ሾፌሩ ትቶኝ ሊሄድ ነው፣ እትዬ።»

ጌታነሽ ጥላዋን አየች። እግሯ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም። ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥታ ከቤቱ ክዳን አንድ ጭብጥ የጓሳ ሣር መዘዘች። ጭስ የጠገበ፣ የጠቆረ ሣር ነው። ደግማ መዘዘች።

«ቤትሽን ልታፈርሺው ነው?»

«ዝናብ የለ፣ ምን ያሳስብሃል?»

ሁለቱን ሣር አደባልቃ በመዳፏ አሸች፣ ፈተገች፣ እንደገና አሸች። ጥቁሯ በግ ጠጋ አለች። ከመሐሉ የጓሳውን ሣር ለቅማ አወጣች። ጌታነሽ እንደገና አሸች። አሁን በጓ ስትስብ አንድ የድርቆሽ ሰበዝ አብሮ ወጣ፤ ከከንፈሯ ተንጠለጠለ፤ ሊወድቅ ደረሰ።

ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ።

«አንድ ሰበዝ እኮ ነው» አለ ወዳጆ፣ ድምፁን ግን ቀንሶ። በጎቹን ሊያስርበት የያዘውን ገመድ በክንዱ ላይ መጠቅለል ጀምሮ እጁ መሐል ላይ ቆሟል።

ጌታነሽ ተንበርክካ ሁለት ጣቷን ከበጓ ጉሮሮ ሥር አኖረች። በጓ ሰበዙን ስባ አኘከችው፤ ማኘኩ ቆመ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር በጣቷ ሥር ወደ ታች ወረደ።