ለቪትዝ የሚሆን ጎማ

ገነቴ ሀንዲሶ ሆሳዕና ውስጥ፣ አባቷ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ከሠሯቸው ሁለት ቤቶች በአንዱ ጎማ ትሸጣለች፤ ሌላው ባዶውን ተዘግቷል። ጎማ የምትሸጥ ሴት ብርቅ ናት፤ ከሾፌር ጋር ተከራክራ የምትረታማ ከዚያም በላይ። አገሩ ግን ይህን ሁሉ ትቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እስካሁን ሳታገባ?» ጥያቄው እሷንም እየከነከናት መጥቷል።

ምስክር መጀመሪያ የመጣው ሾፌሩ ሁሉ ወደ ዶዮገና ገበያ ወርዶ ሱቁ ጭር ባለ ቀን ነው። የዱራሜ ሰው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ።

«ለቪትዝ የሚሆን ጎማ ፈልጌ ነበር» አላት። «በጣም ውድም ያልሆነ፣ በጣም ርካሽም ያልሆነ።»

«መካከለኛ ከሆነ የታይላንድ አለ፣ የኢንዶኔዥያ አለ፣ የቱርክ አለ።»

«ምንድን ነው ልዩነታቸው?»

ገነቴ አስረዳችው። ይኼኛው አስፋልት ላይ ድምፅ የለውም። ያኛው ጎኑ ጠንካራ ነው፣ የሀቢቾን መንገድ ኮረት ይችላል። ሦስተኛው ዝናብ ላይ መሬት ይቆነጥጣል። ምስክር ሁሉንም በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ላስብበት» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ተመለሰ። በሳልስቱም።

«ቶሎ የሚሸጠው የቱ ነው?» ይላል። «ሰው ገዝቶ ደግሞ የሚመለስበትስ?» ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ያስብበታል። ጎማ ቀርቶ የጎማ ክዳን አልገዛም።

ከመንገዱ ማዶ ባትሪና የሞተር ዘይት የምትሸጠው እህተማርያም ከዘይቱ ይልቅ የሰው ጉዳይ ይቀናታል። አንድ ቀን እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች።

«ስሚ እንጂ አንቺ! ያ ሰውዬ ቪትዝ ቀርቶ ሳይክል የለውም። ከባጃጅ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ጎማ ምን ያደርግለታል?»

«ውይ፣ የኔ ሞኝ! ጎማ ነው የሚያየው ብለሽ ነው?»

ገነቴ ሳቀች፤ ግን በማግስቱ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ወደደችው እንግዲህ። ሰው አይደለች? ምን ይደረግ!

ምስክር ስልኩን አውጥቶ ጎማዎቹን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ገነቴ ቀስ ብላ ከኢንዶኔዥያው ጎን ቆመችና ፈገግ አለች።

«ትንሽ ፈቀቅ በዪልኝ» አላት፤ «የጎማው ጥርስ አልታየኝም።»

«ዓይነ አፋር ነው» ብላ ፈረደች እህተማርያም። «እንዲህ ያለው ነው ለትዳር።»

ሌላ ቀን ደግሞ «ከአዲስ አበባ ጎማ የሚያመጣልሽ ማነው?» አለ።

«ሱራፌል የሚባል ነጋዴ ነው።»

«ስልኩ አለሽ?»

«በሱራፌል ቀንቶ ነው!» አለች እህተማርያም ይህን ስትሰማ፤ ደስታዋን አልቻለችም። ገነቴም የምትደብቀው ወንድ እንደሌለ እንዲያውቅላት የሱራፌልን ስልክ ሰጠችው። በስንት እንደሚያስረክባትም ሳታስቀር ነገረችው። ነጋዴ ይህን ለወለደችው እናቱም አይናገርም። ፍቅር ግን ያናግራል።

በመጨረሻ ምስክር ከወትሮው አምሮበት መጣ። ስለ ጎማ ምንም አልጠየቀም።

«ዱራሜ የነበረኝን የቢሮ ሥራ ለቅቄያለሁ» አለ። «ከእንግዲህ ኑሮዬ እዚሁ ሆሳዕና ነው።»

«እሰይ!» አለች፤ አምልጧት።

«እሁድ ከአምልኮ በኋላ አባትሽ ጋ ሽማግሌዎች ልልክ አስቤ ነበር። ይኖራሉ?»

ገነቴ በአንገቷ ብቻ አዎ አለችው።

አቶ ሀንዲሶ ነገሩን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ፤ ከዚያ በቀጥታ በግ ሊገዙ ወጡ። ለዚህች ልጅ ሽማግሌ እንዲመጣ ስንት ዓመት ጸልየዋል! እሁድ ሲደርስ ወንበሩ ተደረደረ፣ ወጡ ተወጠወጠ። እህተማርያም ነጠላዋን አገልድማ ጓዳ ገባች። ገነቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ሰው። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን አልተቀመጡም።

«በልጃችን በምስክር ጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ፣ ጋሽ ማቴዎስ። «እርስዎ ዘንድ ያለ አንድ ነገር ወዶ፣ በራሱ ለመጠየቅ ቢፈራ እኛን ልኮናል። እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም።»

ደንቡ ነው። በደንቡ መሠረት ደግሞ የሴት ልጅ አባት ወዲያው እሺ አይልም፤ ዘመድ ላማክር ይላል፣ ያመላልሳል፣ ይኮራል። አቶ ሀንዲሶ ለኩራት ጊዜ አልነበራቸውም። ጋሽ ማቴዎስ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?

«እሺ ብያለሁ!» አሉ ጮክ ብለው። «በእግዚአብሔር ፊት ሰጥቻለሁ! ከአፌ የወጣ ቃል አይመለስም፣ ያውቁኛል!»

ጓዳ ውስጥ እህተማርያም እልልታዋን አቀለጠችው። ገነቴ ከመጋረጃው ጀርባ በደስታ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ አሜን ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ ጋሽ ማቴዎስ እፎይ ብለው፤ «ተከራይ አልወድም ማለትዎን ሰምተን ፈርተን ነበር፤ እንግዲያውስ ምስክር ነገ ከገነቴ ሱቅ ጎን ባለው ባዶ ቤትዎ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ጎማ ያራግፍ።»